አርባ አንድ ኪሎ በአንድ ሻንጣ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ቆማለች፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ገና ጋብ አላለም፤ እኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው የትኬት ቢሮ ውስጥ እጆቼን በሹራቤ እጅጌ ሸሽጌ ተቀምጫለሁ። ሰዓቱን በሻዩ ነው የማስታውሰው። የቢሮው ባለቤት በየቀኑ አራት ሰዓት ሲሆን ሻይ ያስመጡ ነበር። የኔ ሻይ ቀርቦ ስኳሩን ገና ሳላማስለው ነው አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ሻንጣ ተሸክመው በበሩ የገቡት። ያን ሻይ አልጠጣሁትም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ጥር የተጠራሁበት ሠርግ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የዚያች ቢሮ ባለቤት፣ የቀድሞ አለቃዬ፣ ከኔ ሁለት ሰው አልፈው ተቀምጠው ነበር። ጠጉራቸው ነጥቷል። ጋሼ እንላቸው ነበር፤ ዛሬም ጋሼ ነው የምላቸው፤ አንቱ ማለትም አልተውሁም፤ አንቱታ የዕድሜ ነው እንጂ የሥራ ዋጋ አይደለም። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው በጣታቸው አመለከቱኝና «እንጀራዬን የዘጋችው ይህች ናት፤ እንዲህ ዝም ብላ ስታዩዋት» አሉ። ሰው ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በክርናቸው ነካ አድርገው «ልጄ፣ ተነሺና ጉልበታቸውን ሳሚ፤ ሠርግ ላይ ቂም አይያዝም፤ ይለፍ» አሉኝ። እንደ ድሮው አፈርሁ። ግን አልተነሣሁም። ጉልበታቸውን አልሳምሁም፤ ወደፊትም አልስምም። ምክንያቱን ድንኳን ውስጥ ማስረዳት ስለማልችልበት እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ የአገራችን ልጃገረድ ሁሉ ለሥራ ውጭ አገር የምትሄድ መንገደኛ ነበረች። ከጋፋት፣ ከአንበሳሜ፣ ከወንዛዬ፣ ዐሥረኛን የጨረሰችውም የወደቀችውም ፓስፖርት ታወጣለች። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ግራና ቀኝ ፎቶ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ሻንጣ ቤት ተደርድሮ ነበር። ሻንጣዎቹ በሽቦ ከጣሪያ ይንጠለጠላሉ፤ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ፤ ጎማቸው ከገዢው ቤት ሳይደርስ የሚወልቅ። ፎቶ ኮፒ በገጽ ሃምሳ ሳንቲም፣ ሻይ አንድ ብር፣ አንድ ሳህን ሽሮ ከነእንጀራው ስምንት ብር ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ የሠርግ ዘፈን ይለቅቃል፤ ቅዳሜ ሲሆን ገበያተኛው ቆሞ ስለሚሰማ የበለጠ ያስጮኸዋል። ልጃገረዶቹ አዲስ ሹሩባ ተሠርተው፣ ረጅም ቀሚስ ላይ ጂንስ ጃኬት ደርበው፣ ኮንጎ ጫማቸውን በነጭ ካልሲ አድርገው ይመጣሉ። እኔ ለምረቃዬ የተሰፋልኝን ግራጫ ቀሚስ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እለብሰው ነበር፤ እሑድ አጥቤው ሰኞ ይደርሳል። ዛሬ ያ መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ሻንጣ ቤቶቹ ስልክ ቤት ሆነዋል፤ የሻይ ዋጋ ስንት እንደደረሰ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ቢሮዋ አንዲት ክፍል ነበረች። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ከደመና በላይ የሚበር አውሮፕላን ሥዕል፣ ጥግ ላይ አንድ ሚዛን። በጂኦግራፊ ተመርቄ ዓመት ከመንፈቅ ቤት ከተቀመጥሁ በኋላ ነው የተቀጠርሁት። ቅጽ እሞላለሁ፣ ትኬት አትማለሁ፣ የበረራውን ቀን በአማርኛ ጽፌ እሰጣለሁ። ከሰው ጋር መነጋገሩ የጋሼ ነው፤ እኔ አፌን ስከፍት ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ለዚህም ይወዱኝ ነበር። «ዝምተኛ ጸሐፊ ወርቅ ናት» ይሉ ነበር ለሰው።

ጋሼ ለመጣው መንገደኛ ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነበር። «የሚፈቀደው አንድ ሻንጣ፣ ሃያ ኪሎ ነው። ትርፉን እዚህ በብር ክፈሉ። አየር ማረፊያ ከደረሳችሁ በዶላር ነው የሚጠይቋችሁ፤ ዶላር አላችሁ?» ዶላር ያለው የለም። ይከፍላሉ። ለከፈሉት ደረሰኝ አይቆረጥም፤ ጋሼ «ስልክ ደውዬ እነግራቸዋለሁ» ይላሉ፤ ይኸው ነው። በተቀጠርሁ በሁለተኛው ወር ይሆናል፣ በማትመው ትኬት ላይ ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት አነበብሁት። ሁለት ሻንጣ ይላል፤ እያንዳንዱ እስከ ሃያ ሦስት ኪሎ፤ ከትኬቱ ዋጋ ጋር የታሰበ፤ ሌላ ክፍያ የለውም። ለእጅ የሚያዝ ሰባት ኪሎ ደግሞ ለብቻው ነው። አውጥቼ አሳየኋቸው። «እሱ ለቱሪስት ነው» አሉኝ። «አንቺ ማተሙን እወቂ።» ለቱሪስት እንዳልሆነ አወቅሁ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው የልጆቹ ስም ነው፣ የቱሪስት አይደለም። ግን ዝም አልሁ። ስድስት ወር ዝም አልሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ካለ በዚያ ስድስት ወር ውስጥ በዚያች በር ያለፉትን ልጆች ነው፤ እነሱ ደግሞ ሠርግ ላይ አልተገኙም።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ። አያ ሞላ የጋፋት ገበሬ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን ባንድ ትከሻ ያጣፉ። ልጃቸው እናኑ ሰባት ሰዓት ላይ በሚነሣው አውቶብስ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ በረራዋ ሰኞ ነው። አባትዋ ሻንጣውን ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡት ወለሉ ድም አለ። አርባ አንድ ኪሎ።

«ምን አድርጋችሁበት ነው ይሄን?» አሉ ጋሼ። «ጉናን ነው እንዴ የነቀላችሁት?»

እናኑ ወደ መሬት አየች። የራስዋ ነገር ዐሥር ኪሎ አይሞላም ነበር። ሌላው አደራ ነው። አንዲት ልጅ ወደ አንድ አገር ልትሄድ መሆኑ ከተሰማ ቀደም ብለው ወደዚያው የሄዱ ልጆች እናቶች ሁሉ ቋጥረው ይመጣሉ፤ እምቢ አይባልም። የሰባት እናቶች ሰባት ቋጠሮ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፤ እያንዳንዱ ላይ በነጭ ፕላስተር የልጂቱ ስም ተለጥፏል። አንደኛው አንዲት እናት ከአንበሳሜ ድረስ በመኪና የላኩት ነው። ልጃቸውን ካዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ጋሼ በስልካቸው ሒሳቡን መትተው ለአያ ሞላ አሳዩዋቸው። ቁጥሩን አልጽፈውም። የአንዲት አህያ ዋጋ ነበር ብል ይበቃል፤ ምክንያቱም አያ ሞላ ቁጥሩን ካዩ በኋላ ያዩት በበሩ በኩል ምሰሶው ላይ የታሰረችውን አህያቸውን ነው።

«እንግዲህ እሷ ናታ» አሉ ቀስ ብለው።

«አባ፣ ኧረ ይተዉ» አለች እናኑ። «የሰዉን እንመልስ። የኔን ብቻ ልያዝ።»

«የማንን ነው የምትመልሺ? የትኛዋን እናት ነው ደጇ ሄጄ ‹ልጅሽ አትበላም› የምላት? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ተቀብያለሁ፤ ተቀበልሁ።»

«ውኃውንስ በምን እናመጣለን? እንጨቱንስ? እማዬ በጀርባዋ ልታመጣው ነው?»

«አንቺ እስክትልኪ በጀርባችን እናመጣለን።» በትራቸውን አንሥተው ወጡ። «ገበያው ሳይሳሳ ልድረስ» አሉ። ጋሼ ሻያቸውን አማስለው ጠጡ።

ስድስት ወር ሙሉ ሰው ምን እንደሚሸጥ አላየሁም ነበር። ይከፍላሉ፣ ይሄዳሉ፤ ብሩ ከየት እንደመጣ አልጠይቅም። በዚያች ቀን ግን አህያዋ ከበሩ ፊት ነበረች፤ ገመዷን ሲፈቱ አየሁ። ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ ጋሼ።

ውጭ ወጥቼ «አያ ሞላ!» አልሁ። ሙዚቃ ቤቱ ያስጮኸዋል፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ከገበያተኛው መሀል ገብተው ሊጠፉብኝ ሲሉ ሮጥሁና የአህያዋን ገመድ ያዝሁት። በሕይወቴ ሰው መንገድ ላይ አስቁሜ አላውቅም።

ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምነው እታለም፣ ልትገዢያት ነው?»

«አይደለም። አይሽጧት። መክፈል የለብዎትም። ትኬቱ ሁለት ሻንጣ ነው የሚለው፣ እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ። እቃው ለሁለት ከተከፈለ ሁሉም በነጻ ይሄዳል።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን ጨፈገገ። «ሁለት አይሆንም» አሉ።

«ለምን?»

«አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ። ሁለት ጭነት ይዛ የወጣች ሴት ቤት ነቅላ የሄደች ናት፤ አትመለስም። አንድ የያዘ እንግዳ ነው፤ ይመለሳል። እናትዋ ሁለት ሻንጣ ብታይ እዚያው ነው የምትወድቅ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መንገደኛው ሁሉ ሠላሳ፣ አርባ ኪሎ በአንድ ሻንጣ አጭቆ፣ ዚፑን በሲባጎ ሰፍቶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ጋሼ «አንድ ሻንጣ» ሲሉ ሰው ያለ ጥያቄ ያመናቸውም ለዚህ ነው፤ ከገዛ ልቡ ፍርሃት ጋር ገጠመለት። የአህያዋን ጀርባ አየሁ። ባንድ ጎኗ የሻንጣው ገመድ ልቅ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ በሌላው ጎኗ የታጨቀ ከረጢት አለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኋቸው፣ ለመናገር ያህል።

«ድንጋይ ነዋ።»

«ድንጋይ?»

«ሻንጣው ባንድ ጎን ብቻ ሲሆን ያዘነብላል። አህያ ባንድ ጎን አይጫንም። እንዲተካከል ከወዲያ ድንጋይ አደረግሁበት።»

«ከጋፋት ድረስ ድንጋይ ተሸክማ መጣች?»

«ታዲያ ምን ላርግ?»

«አያ ሞላ» አልሁ፤ ይህን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ «የአውሮፕላኑም ሕግ እኮ ይኸው ነው። ሻንጣውን የሚያነሣው ሰው ነው፤ ለወገቡ ብለው ነው እያንዳንዱን የወሰኑት። ከሠላሳ ሁለት ኪሎ ካለፈማ ብትከፍሉም ባንድ ላይ አይቀበሏትም፤ እዚያው ሰው ፊት ነው የሚያስፈቷት። ድንጋዩን ያውርዱና የሽሮውን ግማሽ በዚያ በኩል ያድርጉት።»

ከረጢቱን አዩ፣ አህያዋን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። «አዬ ሞላ! ድንጋይ ለገበያ ያወረድህ!» አሉ ራሳቸውን። ሲስቁ ቆዩና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «አህያይቱ በየቅዳሜው በሁለት ጎን ተጭና ትወርዳለች፤ ማታ ትመለሳለች። ቤት ነቀለች ብሏት የሚያውቅ የለም። ነይ እንሂድ፤ ለእናትዋ እኔ እነግራታለሁ።»

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ከረጢቱን አራግፈን፣ ገልብጠን፣ ወለሉ ላይ እቃውን መክፈል ስንጀምር እንደ ቀልድ ጀመሩ። «አንቺ፣ ዲግሪ የሰጡሽ ለሻንጣ ነው?»

«አዎ ጋሼ» አልሁ። «ለሻንጣ ነው።»

እናኑ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ጋሼ ያን ጊዜ ተቆጡ። «ሰኞ ከአየር ማረፊያ ቢመልሷትስ? ይህች ልጅ በረራ ቢያልፋት ማን ይጠየቃል? አንቺ ትፈርሚያለሽ? እስቲ ፈርሚ!»

ሊያስፈራሩኝ ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ያላነበብሁትን አልፈርምም። ይህን ግን አንብቤዋለሁ። ሁለት ወረቀት አወጣሁና በሁለቱም ላይ የትኬቱን ሕግ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍሁት፤ ሁለት ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ፣ የእጅ ሰባት ኪሎ። ከሥሩ «በዚህ ምክንያት ትርፍ ክፍያ ብትጠየቅ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» ብዬ ስሜን ከነአባቴ ስም ጽፌ ፈረምሁ። አንዱን ለእናኑ ሰጠሁ፣ አንዱን ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። ከዚያ ወደ ሥራችን ተመለስን። ሻንጣው ሃያ ኪሎ ሆነ፣ ከረጢቱ ሃያ አንድ። ወርዱን፣ ቁመቱንና ጥልቀቱን ደምረው ከአንድ መቶ ኀምሳ ስምንት ሳንቲሜትር እንዳያልፍ ይፈልጋሉ ስላቸው አያ ሞላ በክንዳቸው ለኩት። «ሦስት ክንድ አይሞላም» አሉ፤ «ያልፋል።» እናኑ በእጅ ቦርሳዋ የያዘችውን አንድ ሊትር ጠበል እንዲሁ በእጇ ይዛ ብትገባ እንደሚያስጥሏት ነግሬያት በልብስ ጠቅልለን ሻንጣው መሀል ከተትነው። ከረጢቱን አባትዋ ራሳቸው በሲባጎ ሰፉት፤ እንደ እህል ጆንያ፣ ጥብቅ አድርገው።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደጃፍ እንዳላይሽ» አሉኝ ጋሼ።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። የወሩን ደመወዝ አልጠየቅሁም፤ አልሰጡኝምም። አያ ሞላ ሻንጣና ከረጢቱን በአህያዋ ግራና ቀኝ ጭነው ከመንገዱ ማዶ እስከ መናኸሪያው ብቻ ወሰዷቸው፤ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ድንጋዩን በሩ ላይ ትተውት ሄዱ።

እናኑ ማክሰኞ ከደረሰችበት አገር ደወለች። ሁለቱንም ጭነት አንድ በአንድ መዝነው፣ ወረቀት አስረው አሳለፏት፤ ወረቀቴን የጠየቃት የለም። በኋላም ለሰባቱም ልጆች አደራቸው ደረሰ። እኔ ግን ማክሰኞን ሳላይ ነው የፈረምሁት፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ሠርጉ ላይ «እንጀራ ዘጋች» ሲሉኝ የሳቀው ሰው የማን እንጀራ እንደነበረ አልጠየቀም። የጋሼ እንጀራ ትኬት መሸጥ ነበር፤ ያንን አልነካሁም። የነካሁት በአህያ ዋጋ የሚሸጠውን ውሸት ነው። ዛሬ በሥራ ምክንያት አልፎ አልፎ ከአገር እወጣለሁ፤ አየር ማረፊያው ሰልፍ ላይ በርበሬ ሲሸተኝ ወለሉ ላይ ሻንጣዋን ከፍታ የምታለቅስ ልጅ አለች ማለት ነው። ሰልፌን ትቼ እሄዳለሁ። ሰው ያፈጥጥብኛል፤ ያፍጥጥ። «ትኬትሽን አሳዪኝ» እላታለሁ። አንዱ አየር መንገድ በኪሎ ይቆጥራል፣ ሌላው በሻንጣ ቁጥር፤ የአንዱ ሕግ ለሌላው አይሠራም፤ ያንቺ የተጻፈው ያንቺ ትኬት ላይ ነው። ከጓደኛሽ አትስሚ፣ ከደላላ አትስሚ፣ ከኔም አትስሚ፤ አንብቢው።

ያን ቅዳሜ ቤቴ ስገባ ግን እንዲህ ደፋር አልነበርሁም። ሥራ የለኝም፤ የፈረምሁበት ወረቀት አለ፤ ሰኞ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሑድ ንጋት ላይ የሚነሡት አውቶብሶች። የሳምንቱ መንገደኛ የሚበዛው በነሱ ነው፤ ብዙዎቹ በጋሼ በኩል ያለፉ ናቸው፤ ትኬታቸውን ያተምሁላቸው እኔ ነኝ፤ ስንቶቹ ሻንጣቸውን ባንድ አጭቀው እንደሚመጡ አውቃለሁ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ግራጫ ቀሚሴን ሳላጥበው ለበስሁት። ስድስት ንጹሕ ከረጢት፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና የጆንያ መርፌ ይዤ ወደ መናኸሪያ ወረድሁ። ረዳቶቹ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» እያሉ ይጮኻሉ። በሩ አጠገብ ከረጢቱን መሬት ላይ አነጠፍሁና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ውጭ አገር የምትሄዱ!» አልሁ። ማንም አልዞረም። እንደገና፣ ከረዳቶቹ በላይ ጮኽሁ። «ውጭ አገር የምትሄዱ! ሻንጣችሁን አምጡ፣ ሁለት ይሆናል! ብር አይከፈልም!»

አንዱ ረዳት ከመኪናው ደረጃ ላይ ሆኖ ሳቀብኝ። «እቴ፣ አንቺ ደግሞ ወዴት ነው የምትጭኚ?»

አንዲት ልጅ ወይን ጠጅ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ እናትዋ ከኋላ እየገፉላት ወደኔ ትመጣ ነበር፤ ተንበርክኬ ሲባጎውን በጥርሴ በጠስሁት።